አሮጌው ኪቦርድና አዲሱ ኮምፒዩተር

በሙዚቃ ክፍላችን ጥግ አቧራ ለብሶ የቆየውን ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7 የተባለውን ኪቦርድ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ ባለ 61 ቁልፍ መሣሪያ ለገበያ የወጣው በ1975 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1983) ነው። አብሮት ይሠራ የነበረው ኮምፒዩተር ከተበላሸ በኋላ፣ አዲሱ ኮምፒዩተር ለኪቦርዱ የሚሆን መሰኪያ ስላልነበረው «ወደ ዕቃ ቤት ይግባ» ተባለ። እኛ የክበቡ ተማሪዎች ግን መምህራችን አንድ ሳምንት እንዲታገሡን ለመንናቸው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ መሆኑ ነው። ሚዲ በሚባለው ስምምነት መሠረት አንድ ቁልፍ በተነካ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ይላካሉ። የመጀመሪያው «አሰማ» ይላል፤ ሁለተኛው የትኛው ቁልፍ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ለምሳሌ የፒያኖ መካከለኛ ዶ ቁጥሩ 60 ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጣት ያረፈበትን ኃይል ይገልጻል። ፍጥነቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ስለ ሆነ፣ ሦስቱም ለመድረስ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ እንኳ አይፈጅባቸውም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን የመግቢያው አሠራር ነው። በተቀባዩ ውስጥ አንዲት ትንሽ መብራት አለች። መልእክት በመጣ ቁጥር ብልጭ ድርግም ስትል፣ በፊት ለፊቷ ያለው ብርሃን ተቀባይ ያንኑ አይቶ ያስተላልፋል። መልእክቱ በብርሃን ስለሚሻገር የአንዱ መሣሪያ ኤሌክትሪክ ሌላውን አይነካም።

ያስፈለገን ዕቃ በአንድ ወገን የዩ.ኤስ.ቢ.፣ በሌላው ወገን ባለ 5 እግር ክብ መሰኪያ ያለው አገናኝ ገመድ ብቻ ነበር። እኛም በችኮላ «መውጫ» የሚለውን የገመዱን ጫፍ በኪቦርዱ «መውጫ» ላይ ሰካነው። ሁለቱም ተናጋሪ ሆኑ፤ ሰሚ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ኪቦርዱ ሞቷል ብለን አዘንን። ለካስ የአንዱ መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር መገጠም ነበረበት። (አንዳንዱ ገመድ ግን የሚሰካበትን ቀዳዳ ስም ይጽፋልና አገላብጦ መሞከር አይጎዳም።)

ካስተካከልነው በኋላ ቁጥሮቹ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ይወርዱ ጀመር፤ ድምፅ ግን አሁንም የለም። ትእዛዙን በየትኛው የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ እንደሚፈጽም ለኮምፒዩተሩ አልነገርነውምና! በሙዚቃው ፕሮግራም ላይ ፒያኖን መርጠን እንደ ገና ብንነካው ክፍሉ በድምፅ ተሞላ። መምህራችን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል።

ኪቦርዱ አሁን በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። መልመድ የሚፈልግ ተማሪ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ይምጣ፤ ገመዱን ግን አይንካብን።