ከዲላ ሆነው በስልክ የሥነ ልቦና ምክር ሲያገኙ

ዲላ ሰው ለሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው። ሆስፒታል በር ላይ የታየ ሰው ወሬው ቀድሞት ሰፈር ይደርሳል። አዲስ አበባ ያለ አማካሪን በቴሌግራም ማነጋገር የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ እኔም እመርጠዋለሁ። ግን ስልክዎ ራሱ እንዳያጋልጥዎ አስቀድመው ያዘጋጁት።

በቅድሚያ አማካሪው የሙያ ፈቃዱን ያሳይዎት፤ ማስታወሻውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ማን እንደሚያየውም ይጠይቁት። አይፈሩ፣ መብትዎ ነው፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ፊንላንድ ውስጥ የቫስታሞ የሥነ ልቦና ሕክምና ማዕከል መዝገብ ተሰርቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታካሚዎቹ «ካልከፈላችሁ እናወጣዋለን» ተብለው ተዝቶባቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀጥሎ ነው። የተለመደው የቴሌግራም ጽሑፍ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ በእርስዎ አካውንት የተከፈተ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ያሳየዋል። የማውቃት ልጅ ፎቶ ልታሳትም በገባችበት ቤት ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራሟን ሳትዘጋ ወጣች፤ ከእሷ በኋላ የተቀመጠው ሰው የወራት ጭንቀቷን አነበበው።

ስለዚህ የአማካሪውን ስም ነክተው ሦስቱን ነጥቦች ይጫኑ፤ ሚስጥራዊ ውይይት የሚለውን ይምረጡ። ይህ ውይይት ከተጀመረበት ስልክ አይወጣም። ከስሙ አጠገብ የጋን ቁልፍ ምልክት ካላዩ አንድም ቃል አይጻፉ! በማግስቱ ሲመለሱ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፦ ተራው ውይይት በዚያው ስም ከጎኑ ይጠብቅዎታል፣ እጅዎም ሳያስቡት ወደዚያ ይሄዳል። ተራውን ከሁለታችሁም ስልክ ያጥፉት። መልእክቶቹ በራሳቸው የሚጠፉበትን ጊዜም ይሙሉ፤ እኔ አንድ ቀን ይበቃል እላለሁ። ስልክ ቁጥርዎን ይደብቁ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያስገቡ፣ የማያውቁትን መሣሪያ ሁሉ ያስወጡ።

የመልእክት ማሳወቂያው በተቆለፈ ስክሪን ላይ ጽሑፉን እንዳያሳይ ያድርጉ። በቴሌብር ሲከፍሉ የተቀባዩን ስም የያዘ አጭር መልእክት ይመጣል፤ ስልኩን ቤተሰብ የሚነካው ከሆነ መልእክቱን ወዲያው ያጥፉት።

ለድምፅ ጥሪ የኪራይ ቤት ክፍል አይመቸኝም፣ ግድግዳው ሁሉን ያሳልፋል። ኔትወርክ ካለ ኢርፎን ሰክተው በእንሰቱና በቡናው መሐል እየተራመዱ ያውሩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ሚስጥሩ ይቆይ፤ የሚያምኑትን ሰው ይዘው በዚያው ሰዓት ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂዱ።