የአካል ጉዳት ያለበትን የከብት ሐኪም ከሙያው ሳያርቁ ስለ ማሠራት

በየዞኑና በየወረዳው ሕዝብን ለምታስተዳድሩ ሹማምንትና ከብት ለምታረቡ ባለሀብቶች በዚህ ትምህርት የምናስረዳው፥ የአካል ጉዳት ያለበት የእንስሳት ጤና ሠራተኛ በሙያው እንዲያገለግል የሥራው ቦታ፥ ዕቃውና ሰዓቱ እንዴት እንደሚመቻችለት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ምጽዋት ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ሕግ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱም ጥቅም አለው።

አስቀድሞ ይህ ሙያ የሰውን አካል ምን ያህል እንደሚጐዳ ማወቅ ይገባል። በሬ ይረግጣል፥ ላም ትወጋለች፥ ፈረስ ይነክሳል። ላም መፀነሷን ለማወቅ ክንድን አግብቶ መመርመር በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ትከሻን ያሳምማል። በክትባት ዘመቻ ጊዜ መርፌን ቀኑን ሙሉ መጫን አውራ ጣትንና የእጅ አንጓን ያደክማል። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባለው የውርጃ በሽታም መገጣጠሚያንና ወገብን ለረጅም ጊዜ ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ጤነኛ የሆነው ሠራተኛ ነገ አካል ጉዳተኛ ሊሆን ይችላልና፥ ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ይህን ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ የሚያገለግል የእንስሳት ጤና ረዳት በሬ ረግጦት ጕልበቱ ተሰበረ፤ ከሕክምናም በኋላ እያነከሰ ወደ ሥራው ተመለሰ። አለቃውም ከእንግዲህ ወዲህ ከብት ሊይዝ አይችልም ብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረው። የዝውውሩን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነበርሁ፤ «ለጤንነቱ ሲባል» የሚለውን ቃል የጨመርሁትም እኔው ነኝ። በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው እስኪመደብ ድረስ ወራት አለፉ። በዚያ መካከል የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ገባና ብዙ ፍየል አለቀ፤ የበሽታውን ምልክት ለይቶ የሚያውቀው ሰው ግን ግምጃ ቤት ተቀምጦ አካፋና ጆንያ ይቈጥር ነበር። ምን ቢደረግልህ በሥራህ ትቈይ ነበር ብዬ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። የመለሰልኝም፥ ከእንጨት የተሠራ ከብት መያዣ ጠባብ አጥር፥ ሲደክመው የሚያርፍበት ወንበርና ከብቱን የሚይዝለት አንድ ብርቱ ሰው ብቻ ይበቃው እንደ ነበረ ነው።

ሕጉ ይህንኑ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የተደነገገው አዋጅ ቍጥር 568/2000፥ አሠሪው «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» እንዲያደርግ ግዴታ ይጥልበታል። ይኸውም የሥራውን መሣሪያ፥ የሥራውን ጠባይ፥ የሥራውን ሰዓትና አካባቢውን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል ነው፤ የሚያግዘውን ረዳት መመደብም በዚሁ አዋጅ ተጽፏል። አሠሪው ሊያመካኝ የሚችለው ነገሩ ከአቅሙ በላይ ጫና የሚያመጣበት ሲሆን ነው፤ ይህም የሚመዘነው በወጪው፥ በድርጅቱ መጠንና በሠራተኞቹ ብዛት ነው። ጥቂት ግንድና ምስማር ከአቅም በላይ ነው የሚል ሹም ቢኖር ለማስረዳት ይቸግረዋል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንግባ። የመጀመሪያው ነገር ሠራተኛውን ራሱን መጠየቅ ነው፤ እኔ የሳትሁት ይህንን ነውና። ቀጥሎም የሥራው ዋና ነገርና የልማድ አሠራር ምን ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። የከብት ሐኪም ዋና ሥራው በሽታን ማወቅና ማከም ነው፤ በሬውን ቀንዱን ይዞ መጣል ግን ልማድ እንጂ ሙያ አይደለም። ባለሙያዎች ክራሽ የሚሉት ጠባብ አጥር ከተሠራ፥ የሚያነክሰውም ጤነኛውም ከእርግጫ ይድናሉ።

መስማት የተሳነውን ሰው ብዙዎች ለዚህ ሙያ አይሆንም ይሉታል፤ ነገሩን ቀርቦ ያየ ግን እንዲህ አይልም። የላምን ትርታ በጅራቷ ሥር ከታች በኩል ባለው የደም ሥር ላይ ጣትን አሳርፎ መቍጠር ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ይሆናል። አተነፋፈሷ ጐኗን በማየት ይቈጠራል። የጨጓራዋም እንቅስቃሴ፥ ከመጨረሻው የጐድን አጥንት በስተኋላ በግራ በኩል ባለው ጐድጓዳ ስፍራ ላይ ጡጫን ተጭኖ ቢቈዩ በእጅ ይታወቃል። ትኵሳቷን የሚለካው መሣሪያ ነው። ጆሮ የሚያስፈልገው ይልቁንም ለልብና ለሳንባ ድምፅ ሲሆን፥ ለዚህም ድምፅን የሚያጐላና በመስተዋት ላይ በመስመር የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ማዳመጫ ተሠርቷል። ከባለ ከብቱ ጋር ለመነጋገር ግን የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ወይም የጽሑፍ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ እንዲሁም ከብት ከኋላው ቢመጣበት በእጅ ነክቶ የሚያስጠነቅቀው ጓደኛ ከአጠገቡ አይራቅ።

ዓይኑ የደከመ የላቦራቶሪ ሠራተኛ የማይክሮስኮፑ ምስል በትልቅ መስተዋት ላይ ቢወጣለት ይሠራል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ዝቅ ይበል፥ ከበሩም ላይ ደፉ ይነሣ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሞተር ብስክሌት እየነዳ ብቻውን ወደ ቀበሌ አይላክ፤ በክሊኒኩ ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ይሥራ። ትከሻውን ለሚያመው የእርግዝናውን ምርመራ ለባልንጀራው ሰጥቶ፥ እርሱ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መጠበቁንና መዝገቡን ይቈጣጠር። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው የላም ሆድ ቀድዶ ጥጃ ማውጣትን ብቻውን ይሥራ አንልም፤ ምርመራውን፥ መድኃኒት ማዘዙንና ገበሬ ማስተማሩን ግን ማን ይከለክለዋል?

የተደረገው ሁሉ በጽሑፍ ተይዞ በፋይሉ ይቀመጥ፤ ወጪውም ከዓመቱ በጀት ጋር አስቀድሞ ይጠየቅ። ከሦስት ወር በኋላም ሠራተኛው ተጠርቶ፥ የተመቻቸለት ነገር በቅቶት እንደ ሆነና የጐደለም ካለ ይጠየቅ፤ አካሉ ሲለወጥ የሚያስፈልገውም ይለወጣልና። ያ ያነከሰው ረዳት ዛሬ በገበያ ቀን በጠባቡ አጥር አጠገብ ቆሞ ይከትባል። የመመለሻውን ደብዳቤ ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ያጠረ ነበር።