«ለቅሶ አትድረሱ» የተባለበት ዘመን ምን ትቶብን ሄደ?

የጤና ጥያቄና መልስ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከልደታና ከአካባቢው ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎች ግን አልቆሙም። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ስለ ቫይረሱ አይደሉም፤ ስለ ክልከላው ናቸው። ሰው የታመመውን ረስቶ የተከለከለውን ያስታውሳል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ፣ የጠያቂዎቹንም ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አውጥቼ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ያረፈችው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ልደታ ኖራ፣ ለእድሯም ወር ሳታጓድል ስትከፍል የነበረች ሴት ናት። አስከሬኗ ለኮሮና ምርመራ ተብሎ ዘገየ፣ ድንኳን አልተተከለም፣ እድርተኛው አልመጣም። እኛ ልጆቿ ብቻ ቀብረናት ተመለስን። ጎረቤቶቻችንን እስከ ዛሬ ከልቤ ሰላም ማለት አልቻልኩም። ይሄ በሽታ ነው ወይስ ቂም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዘግይቶም ቢሆን ይህን ሳልልዎት ወደ ሌላ ነገር አልገባም።

ያን ጊዜ ሕጉ ምን ይል እንደነበር እናስታውስ። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና የማስፈጸሚያ ደንቡ ከአራት ሰው በላይ በአንድ ቦታ መሰብሰብን ከልክለው ነበር። በእጅ መጨባበጥ እንኳ የተከለከለ ነበር። የጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር። ድንኳን ተክሎ ሰው የሰበሰበ የእድር ዳኛ ተጠያቂ እንደሚሆን ያውቃል። ጎረቤት ደግሞ ቤቱ ውስጥ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባት እናት አለችው፤ ከለቅሶ ቤት ምን ይዤ እገባለሁ ብሎ ይፈራል። በየቀኑ በሚወጣው መግለጫ ላይ በአስከሬን ምርመራ የተገኘ ሞት ይነገር ስለነበር ፍርሃቱ ከለቅሶ ቤት ጋር ተቆራኝቶ ነበር። ስለዚህ ከቀሩት ብዙዎቹ የቀሩት እናትዎን ስላልወደዱ አይደለም። ይህ ግን የእርስዎን ብቸኝነት አያስቀርም። መምጣት አልቻሉም፤ እርስዎም ብቻዎን ቀርተዋል። ሁለቱም እውነት ነው።

እኔ በሐኪምነቴ ለቅሶን እንደ ሕክምና ነው የማየው። ሐዘንተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱ አስቦ አይበላም፤ ሰው ስለሚያጎርሰው ይበላል። ፍራሽ ተነጥፎ አብሮት የሚያድር ስላለ ትንሽም ቢሆን ያሸልባል። በር ላይ ለደረሰ ሁሉ «እንዴት ሆነች?» ሲባል ታሪኩን ደጋግሞ ይናገራል፤ በመናገሩም ልቡ ሞቱን ቀስ በቀስ ይቀበላል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ሐዘኑ መውጫ ያጣል።

አሁን ራስዎን እንዲህ ይመርምሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላም ናፍቆቱ በየዕለቱ የሚያሠቃይዎ ከሆነ፣ መሞቷን አሁንም አእምሮዎ አልቀበል ካለ፣ ዕቃዋን ማየት ወይም መቃብሯ ጋ መድረስ ፈጽሞ ካቃተዎት፣ ሥራዎንና ልጆችዎን እንደ ድሮው መያዝ ካልቻሉ፣ ይህ የተራዘመ ሐዘን የምንለው ሕመም ነው፤ ይታከማል። ዋናው ሕክምና ከባለሙያ ጋር በተከታታይ መነጋገር ነው። ከቅርብዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሊልኩዎት ይችላሉ።

የሚያምዎት ጎረቤት ሲያዩ ብቻ ከሆነ ግን በሽታ አልለውም። ያልተለቀሰ ለቅሶ ነው። ለሙት ዓመቷ ቤትዎን ይክፈቱ፣ ያኔ ያልመጡትን ይጥሩ፣ ያን ቀን እንዴት እንደዋለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንገሯቸው። እነሱም የሚናገሩት ይኖራቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደንቡ ለሐዘን የተለየ ቦታ መተው ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ቫይረሱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚተላለፈውን ያህል በደጅ አይተላለፍም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በግቢ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በየተራ እየገቡ እየወጡ ማስተዛዘን ይቻል ነበር።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት እንኖራለን። ሽንት ቤቱም ቧንቧውም የግቢው የጋራ ነው፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» ሲሉን እንስቅ ነበር። ምንም አላደረግንም፣ አልሞትንምም። ሕጉ ለማን ነበር የወጣው?

መልስ፦ ሳቃችሁ ይገባኛል። ክፍሏ ራሷ ከአራት እርምጃ ካልበለጠች ከማን ተራርቃችሁ የት ትቆማላችሁ? በእግር የሚለካው ትእዛዝ የተጻፈው ሌላ ዓይነት ቤት ታስቦ ነው። መንግሥትም ቢሆን ሰውን ሙሉ በሙሉ ቤት የሚያስቀምጥ አዋጅ አላወጣም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያኔ ምክንያቱን በግልጽ ተናግረዋል፤ ቤት የሌለው ዜጋ ብዙ ነው፣ ቤት ያለውም በየቀኑ ወጥቶ ካልሠራ አይበላም። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። በዚያው ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር መከልከሉ፣ በየሰፈሩ የተደረገው ማዕድ ማጋራትም ከጤና መመሪያው እኩል የጤና ሥራ ነበሩ። የተራበ ሰው ቤት አይቀመጥም።

«አልሞትንም» ያሉት ላይ ግን ላቆምዎ። በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው ሞት ከ7,500 በላይ ነው፤ ያልተመረመረው ሲጨመር ከዚህ ይበልጣል። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ቁጥሩ ማሻቀብ ሲጀምር የልደታና የአዲስ ከተማ ስም በመግለጫዎቹ ላይ ይነሳ ነበር። በሽታው ወጣቱን ባብዛኛው አሳልፎ ሽማግሌውን ነው የያዘው። እናንተ አምስታችሁ ያለፋችሁት ሳል ከግቢው ጥግ ያሉት አሮጊት ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ጥፋተኛ ናችሁ እያልኩ አይደለም፤ «ምንም አይደለም» የሚለው ግምት ከወጣት ገላ የሚወጣ ስለሆነ ነው።

በአንድ ክፍል ምን ይደረግ ነበር? ዋናው ነገር አየር ነው። የታመመ ሰው ሲናገርና ሲያስል ከአፉ የሚወጣው ደቃቅ ጠብታ እንደ ዕጣን ጭስ ነው፤ አጠገቡ ላለው ይበረታል፣ በሩ ከተዘጋ ቀስ ብሎ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል፣ በርና መስኮት ፊት ለፊት ሲከፈቱ ግን ይወጣል። ስለዚህ የታመመው በር ወይም መስኮት አጠገብ ይተኛ፤ አየሩ በእሱ በኩል እንዲወጣ። እሱም አስታማሚውም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። አረጋዊ ካለ፣ ከተቻለ ለሳምንት ያህል ዘመድ ቤት ይረፍ። የጋራ ሽንት ቤት ሲገቡ ከፊተኛው ሰው በኋላ በሩን ትንሽ ከፍቶ ማናፈስ፣ ሲወጡ እጅ መታጠብ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ግቢ አንድ ቧንቧ ያለው ባልዲ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ተለይቶ መቀመጡ ብዙ ይረዳል። አየር ማናፈሱ ለጉንፋንም ለሳንባ ነቀርሳም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች የታክሲ ረዳት ነበርኩ። በግማሽ ጭነን እጥፍ ታሪፍ ስናስከፍል ተሳፋሪ ይሰድበን ነበር። ማስኩም ትራፊክ ሲታይ አፍ ላይ ይወጣል፣ ሲያልፍ አገጭ ላይ ይወርዳል። ለመሆኑ ጥቅም ነበረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰው ብዛት መቀነሱ ጥቅም ነበረው። ከዚያ የበለጠ የሚጠቅመው ግን መስኮት መክፈት ነበር፤ በእሱ ላይ በቂ አልተሠራም። ምክንያቱን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሦስቱ «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» ይላሉ። በክረምት ደግሞ ጨርሶ አይከፈትም። ብርድ ያንቀጠቅጣል፣ ምቾት ይነሳል እንጂ ጉንፋንም ኮሮናም የሚመጣው ከሰው ትንፋሽ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ስድስት ሰው ከሚሄድ፣ ሁሉም መስኮት ተከፍቶ አሥራ ሁለት ሰው ቢሄድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

አገጭ ላይ ያለ ማስክ ምንም አይሠራም፤ አፍንጫን ያልሸፈነም ብዙ አይሠራም። በትክክል ሲደረግ ግን በተለይ ከለባሹ የሚወጣውን ይቀንሳል። በ2012 ዓ.ም. ማስክ የፖሊስ ጉዳይ ሆኖ ቀረ፤ ያላደረገ ይታፈስ ነበር። ሰው ለትራፊክ ብሎ የሚያደርገውን ትራፊክ ሲያልፍ ያወርደዋል። ታክሲ ውስጥ ጎንህ የተቀመጡት አዛውንት ሲያስሉ ካየህና ለእሳቸው ብለህ ካደረግከው ግን ጦር ኃይሎች እስክትደርስ አታወርደውም። ስለ ታሪፉ፣ የተሳፋሪው ቁጣ ትክክለኛ ነበር። የቀን ሠራተኛ ለበሽታ መከላከያ ከኪሱ በእጥፍ መክፈል አልነበረበትም። ስድቡ በአንተ ላይ ማረፉ ግን በደል ነው።

ጥያቄ፦ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ስናቃጥል አያቴ «በሽታ የሚጠፋው በዚህ ነው» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አያትህ የሚናገሩት የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን ትዝታ ነው፤ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደገደለ የሚገመተው ኢንፍሉዌንዛ። ጽዳቱን ያዙት። ጭሱ ግን ቫይረስ አይገድልም፤ አስም ያለበትን ጎረቤት ያሳምማል፣ ፕላስቲክ ሲቃጠልማ ሁላችንንም።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው። በ2012 ዓ.ም. «ሆስፒታል ኮሮና ነው» ስለተባለ ክትትሌን አቋረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ መድኃኒት ከፋርማሲ እየገዛሁ እወስዳለሁ። ደህና ነኝ።

መልስ፦ ደህና መሆንዎን የነገረዎ ማን ነው? ይህን የምጠይቀው ስለምሰጋልዎ ነው። የእርስዎ ዓይነት ሰው ብዙ ነው። ያኔ በምርመራ የተያዘ ሁሉ በአምቡላንስ ወደ ማቆያ ይወሰድ ነበር፤ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ የለበሰ ባለሙያ ግቢ ሲገባ ያየ ሰው የታመመውን ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉንም ፈራ። በዚህ ፍርሃት የልጅ ክትባት ያለፈባቸው፣ የደም ግፊት ክትትል ያቆሙ ቤተሰቦች አሉ። ይህ የክልከላው ዘመን ያልተቆጠረ ጉዳት ነው።

ስኳር ለዓመታት ሳያሳምም ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ የኩላሊት ምርመራ፣ የዓይን ምርመራ ይጠይቁ። ካልሲዎን አውልቀው እግርዎን ያሳዩ። እየወሰዱት ያለው መጠን አሁን ልክ ላይሆን ይችላል፤ ግን ሐኪም ሳያይዎ አያቁሙት።

ጥያቄ፦ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ማርበርግ ገባ ሲባል የእድራችን አባላት «ደግሞ ድንኳን ሊከለከል ነው» ብለው ተሸበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ወደ እኛ ቢመጣ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ ሁሉም ወረርሽኝ አንድ ዓይነት ርቀት አይጠይቅም። ኮሮና በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ምልክት ያልታየበት ሰውም ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የተዘጋ ክፍልና ብዙ ሰው ያሰጋል። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚያሰጋው አስከሬን ማጠብና መገነዝ፣ ሟችን መሳምና ማቀፍ ነው። ድንኳን ውስጥ በዝምታ የተቀመጠ ጤነኛ እድርተኛ አይደለም። ከታመመ ሰው ጋር የተነካካ ግን ለ21 ቀን በጤና ባለሙያ ክትትል ስር መሆን አለበት።

እድራችሁ ይህን አሁን፣ ምንም ሳይመጣ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ተወያይቶ በመተዳደሪያ ደንቡ ያስገባው። በወረርሽኝ ጊዜ ድንኳኑ ግድግዳው ተገልጦ ይተከል፤ ሐዘንተኛን በየተራ የሚጎበኙ ጥቂት ሰዎች ይመደቡ፤ የታመመ ሰው ለቅሶ አለመምጣቱ ነውር እንዳይሆንበት፣ በስልክ ያጽናና፤ ቀሪው አባል ምግብና ገንዘብ ቤት ድረስ ያድርስ። የክልከላው ጊዜ ሲያበቃ እድርተኛው በሙሉ ያ ቤት የሚሰበሰብበት ቀን አስቀድሞ ይወሰን። ከወረዳው ጤና ጣቢያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩና ረቂቁን አብራችሁ እዩት። አስከሬንን በተመለከተ ጥርጣሬ ካለ ማንም ሳይነካ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ላይ ይደወል።