የአባቴ ቴፕ ይሸጥ ወይስ ይጠገን?

(ደወሌ፣ የጅቡቲ ጠረፍ ላይ፤ ፀሐይ ገባ ሲል፣ ከአንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ደጃፍ። ልጅቱ ጉምሩክ ላይ ትራንዚተር ናት። ሽማግሌው ድሬዳዋ አድገው ዕድሜያቸውን ሬዲዮና ቴፕ ሲፈቱ የኖሩ ናቸው።)

ልጅት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር። አባቴ የተወውን ትልቁን ቴፕ ከነስፒከሩ ሸጬ፣ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ አዲስ ላመጣ አስቤያለሁ።

ጋሼ፦ መጀመሪያ አንቱታውን ተይው። ድሬ ያደገ ሰው አንቱ ሲባል ከኋላው ማን እንደቆመ ዞሮ ያያል።

ልጅት፦ እናቴ ከሰማች ጉድ ይፈላል! እሺ፣ ምን ትለኛለህ?

ጋሼ፦ ቴፑ ምን ሆነ?

ልጅት፦ አርጅቷላ።

ጋሼ፦ እኔም አርጅቻለሁ። ጆሮሽ ምን ሰምቶ ጠላው?

ልጅት፦ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቷል፣ የግራው ስፒከር ይንኮሻኮሻል። ቮልዩሙን ስነካው ይንጫጫል። ካሴት ስከትበት ደግሞ ዘፋኙ እንቅልፉ የመጣ ይመስል ይጎተታል።

ጋሼ፦ ይሄ ሦስት የተለያየ በሽታ ነው፤ ሦስቱም ይድናል። የስፒከሩን መሸፈኛ ጨርቅ አንሺና የወረቀቱን ዳር ዙሪያውን በጣትሽ ዳሰስ አድርጊ። ስፖንጁ እንደ ደረቀ ቂጣ ከተፈረፈረ ወፍራሙን ድምፅ የወሰደው እሱ ነው። ስፖንጅ ሙቀትና ዕድሜ ይበሉታል። ዳሩ ብቻ ይቀየራል እንጂ ስፒከሩ አይጣልም።

ልጅት፦ ውስጡ ተቃጥሎስ ከሆነ?

ጋሼ፦ የግድግዳ ሰዓትሽን ድንጋይ አውጪ። ስፒከሩን ከቴፑ ነቅለሽ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ድንጋዩ ላይ ለአፍታ ነካ አድርጊ። ቋ ካለና ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ሽቦው በሕይወት አለ። ከዚያ አምስቱን ጣትሽን ዘርግተሽ ወረቀቱን መሐሉ ላይ እኩል ጫን በይው። ሲገባና ሲወጣ የሚፍቅ ነገር ከሰማሽ ጥቅልሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ያኔ ወጪው ስለሚበዛ እንነጋገራለን። ካልፈቀ ግን ለምን ትሸጪዋለሽ?

ልጅት፦ የቮልዩሙ ጩኸትስ?

ጋሼ፦ የደወሌ አቧራ ነዋ። የኮንታክት ማጽጃ ጠብ ይደረግበትና ቁልፉ ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ካሴቱን የሚጎትተው ደግሞ የላላው ቀበቶ ነው፤ ከጸጉር ማስያዣ ላስቲክ የማይሰፋ ጎማ ነው። ለእሱ ብሎ ቤት ሙሉ ዕቃ መሸጥ እኔ አይገባኝም።

ልጅት፦ አዲሱ እኮ 1,000 ዋት ነው አሉኝ። የአባቴ 50 ነው።

ጋሼ፦ ካርቶን ላይ የሚጻፍ ዋት የነጋዴ ምርቃት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለቅጽበት የሚወጣውን ይቆጥሩልሻል። እውነተኛ ዋት ቢሆንስ? 50ውን 100 ብታደርጊው የሚጨምርልሽ 3 ዴሲቤል ነው፤ ልብ ብለሽ ካላዳመጥሽ አታውቂውም። ለጆሮሽ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማሽ ወደ አሥር እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ባለ ሁለት ክፍል ቤት እየኖርሽ ለሠርግ ሞንታርቦ የሚሆን ኃይል ምን ያደርግልሻል? ይልቅ የት አስቀመጥሽው?

ልጅት፦ ቴፑ ፍሪጁ ላይ ነው፤ እናቴ ዳንቴል አልብሳዋለች። ስፒከሮቹ ጥግ ላይ ናቸው።

ጋሼ፦ ዳንቴሉን ዛሬ አንሺው! የቴፑ ማጉያ የሚተነፍሰው በላይ በኩል ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ አገር ሙቀት ላይ ዳንቴል ሲጨመርበት ብርድ ልብስ ደርቦ በረሃ እንደመግባት ነው። ስፒከሮቹን ከጥጉ ሳብ አድርጊ፤ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቴፑን ከሶኬት ንቀዪው፤ ተመልሶ ሲመጣ እየዘለለ ነው።

ልጅት፦ ታዲያ አዲስ መግዛት የሚገባው መቼ ነው?

ጋሼ፦ የኃይል ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ተይው፣ አትልፊ። የስፒከሩ ጥቅልል ከሄደ ስፒከር ብቻ ግዢ፤ ገንዘብ ከማጉያው ይልቅ ስፒከር ላይ ሲወጣ ለጆሮ ይታወቃል። አንቺ የምትሰሚው ከስልክ ነው አይደል? ቴፑ ከኋላው ‹ኦክስ› የሚል ቀዳዳ ካለው አንድ ሽቦ ይበቃሻል። ማሻሻል ማለት ለእኔ እሱ ነው።

ልጅት፦ እንዲያ ከሆነ ካሴት ማጫወቻው ምን ይሠራል? ካሴቶቹን ለመጣል ካርቶን ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።

ጋሼ፦ ምን ምን አለ?

ልጅት፦ የዓሊ ቢራ አለ፣ የሶማሊኛ ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሠርግ ላይ የቀዳው መሰለኝ።

ጋሼ፦ እና እሱን ልትጥዪ? ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊላንዷ ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች የዘፈን ክሮቻቸውን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ገሚሱን ወደ ጅቡቲና ወደ እኛ አገር አሸሹ። ዛሬ ሐርጌሳ ያለው የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴት ሰብስቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ ተመርጦ አሜሪካ የታተመው አልበም ለግራሚ ታጭቷል። ሰው ነፍሱን ሊያድን በሚሮጥበት ሰዓት ካሴት ቀብሯል፤ አንቺ ለቆሻሻ ትሰጫለሽ?

ልጅት፦ ወይኔ! ቃል የለኝም።

ጋሼ፦ የዓሊ ቢራ ሌላም ቦታ ይገኛል። የአባትሽ ቅጂ ግን ያለው እዚያች ካርቶን ውስጥ ብቻ ነው። ቀበቶው ይቀየራል፣ ካሴቱን የሚያነበው ‹ሄድ› በጥጥና በአልኮል ይጠረጋል። ከሄዱ አጠገብ ትንሽዬ ብሎን አለች፤ ካሴቱ እየዘፈነ በመፍቻ ፀጉር ታህል ስትዞር የታፈነው ድምፅ ድንገት ይከፈታል። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ስልክሽ ገልብጫቸው። ማሽኑን መሸጥ ካማረሽ ያኔ ሽጪው።

ልጅት፦ ነገ ላምጣው?

ጋሼ፦ አምጪው። ቀበቶውን ከድሬ አስልካለሁ። ካሴትም ይዘሽ ነይ፤ የአባትሽን ሳይሆን ቢጠፋ የማታዝኝበትን። የተጠገነ ቴፕ መጀመሪያ የገባለትን ክር ሊበላ ይችላል።