በድንበር ጠብ «ገንዘቤን ጠበቅሁ» ስለ ማለት

ወንድሜ ሆይ፥ አላህ ይምራህና፥ ገንዘቡን ሲጠብቅ የተገደለ ሰው ሸሂድ መሆኑን ከነቢዩ፥ ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፥ መተላለፉን ሰምተሃል። ሐዲሱ እውነተኛ ነው፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነገር ግን ድንበር ተገፋብኝ ብሎ ዱላ የሚያነሣ ሰው ይህን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ነሳኢ የዘገቡትን ይተዋል። በዚያ ሐዲስ አንድ ሰው፥ ገንዘቤን ሊወስድ ቢመጣብኝ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። የታዘዘውም መጪውን በአላህ ስም እንዲያሳስበው፥ እምቢ ቢል በዙሪያው ያሉትን ሙስሊሞች እንዲጠራ፥ እነርሱም ቢታጡ ለሹም እንዲያመለክት ነው። መዋጋት የተነሣው ሹሙ የራቀ እንደ ሆነ ነው።

አንተ በሸዋ በር ገበያ የምትነግድ፥ ጎረቤትህ ችካል ነቅሎ አንድ ክንድ ቢገፋብህ፥ ዳኛ ሩቅ ነው ልትል ትችላለህን? መሬቱስ የእርሱ ሆኖ ቢገኝ? በግፍ የተወሰደች ስንዝር መሬት በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር በአንገት እንደምትጠለቅ ያስተላለፉት ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ ናቸው። አርዋ የምትባል ሴት መሬቴን ወሰደብኝ ብላ በመርዋን ፊት በከሰሰቻቸው ጊዜ መሬቱን ለቀቁላት፤ ፍርዱንም ለአላህ ሰጡ።

የአገሩም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፥ ሌላ ማዳኛ ሲታጣ፥ ኀይሉም ከጥቃቱ ሲመጣጠን ነው። ትናንት ስለ ተነቀለ ችካል ዛሬ ሰው መምታት በቀል ይባላል። ይዞታህን የተነጠቅህ እንደ ሆነ «ሁከት ይወገድልኝ» ብለህ ክሰስ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ 2 ዓመት ሰጥቶሃል።