ጄፍ ዲን፦ ከአንድ ኮምፒውተር እስከ ክላውድ

ተማሪዎቼን ክላውድ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ «ኢንተርኔት ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ» ይሉኛል። አልተሳሳቱም፤ ዋናው ነገር ግን ይቀራል። ክላውድ በሺዎች የሚቆጠሩና በየቀኑ የሚበላሹ ማሽኖችን አቀናጅቶ፣ ለተጠቃሚው የማይበላሽ አንድ ማሽን መስለው እንዲያገለግሉ የማድረግ ጥበብ ነው። ለዚህ ጥበብ መሠረት ከጣሉት አንዱ የጉግሉ ጄፍ ዲን ነው። የእሱን የሙያ ሕይወት ለማስተማሪያ የመረጥኩት ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ስለሚከተለው ነው፦ ሥራው ሰፊ፣ መሣሪያው ደካማ ሲሆን ምን ይደረጋል?

የልጅነት ኮድ

ዲን በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሃዋይ ተወለደ። አባቱ የበሽታ ስርጭት የሚያጠኑ ሐኪም፣ እናቱ የሥነ ሰብ ባለሙያ ስለነበሩ ቤተሰቡ ከአገር አገር ይዘዋወር ነበር፤ በታዳጊነቱ በሶማሊያ የስደተኞች ካምፕም አግዟል። ኮምፒውተርን ያወቀው ክፍሎቹ ተነጣጥለው ተሽጠው ቤት ውስጥ በሚበየዱት ኢምሳይ 8080 ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በአባቱ ሥራ በኩል ኢፒ ኢንፎን መጻፍ ጀመረ። ፕሮግራሙ ወረርሽኝ ያለበት ቦታ የሄደ ባለሙያ በትንሽ ኮምፒውተር መጠይቅ አዘጋጅቶ፣ መረጃ አስገብቶ፣ ውጤቱን እዚያው እንዲያሰላ ያስችላል። የእኛ አገር የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ስሙን ያውቁታል፤ ለመመረቂያ ጥናታቸው የናሙና መጠን የሚያሰሉበት ነውና። አንድ ታዳጊ እጁን ያሳረፈበት ኮድ እስከ እኛ ዩኒቨርሲቲዎች መድረሱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ፍጥነትን በቁጥር ማወቅ

በ1996 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ያጠናቀቀው በኮምፓይለር ላይ ነው። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ እሱን የሚያጠና ሰው እያንዳንዱ ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ማስላት ይለምዳል። ዲን ኋላ ለፕሮግራመሮች ያሰራጫቸው ቁጥሮች የዚህ ልማድ ውጤት ይመስሉኛል። ከሜሞሪ አንድ ነገር ማምጣት 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ መቶ ሺህ እጥፍ። በአንድ ዳታ ማዕከል ውስጥ መልእክት ወደ ሌላ ማሽን ደርሶ የሚመለሰው በግማሽ ሚሊ ሰከንድ ነው።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አስተያዩ። ከራስ ዲስክ ከመፈለግ ይልቅ በኔትወርክ የሌላውን ማሽን ሜሞሪ መጠየቅ ይፈጥናል ማለት ነው። ብዙ ማሽን እንደ አንድ መሥራት የሚችልበት ምክንያት እዚህ አለ።

ማሽን ሲሞት ሥራው አይሙት

ዲን ጉግል የገባው በ1999 ነው። ኩባንያው ውድ ሰርቨሮችን ትቶ ርካሽ ማሽኖችን በብዛት ይደረድር ነበር። ዲን ራሱ እንደገለጸው፣ በአንድ አዲስ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ) በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 1,000 ያህል የማሽን ብልሽት ያጋጥማል። ስለዚህ መፍትሔው ከሶፍትዌሩ መምጣት ነበረበት።

በ2004 ከባልደረባው ከሳንጃይ ጌማዋት ጋር ያሳተመው ማፕሪዱስ ይህን ያደርጋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተሰጥቶ በመምህራን የሚታረም ፈተና አስቡ። ወረቀቱ በጥቅል በጥቅል ለመምህራን ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ የራሱን ያርማል፤ ውጤቱ በትምህርት ቤት ተለይቶ ይደመራል። አንድ መምህር ቢታመም የእሱ ጥቅል ብቻ ለሌላ ይሰጣል እንጂ እርማቱ ከአንድ አይጀመርም። በማፕሪዱስም መረጃው ተቆራርጦ ለብዙ ማሽኖች ይታደላል፤ አስተባባሪው መልስ ያልሰጠውን ማሽን ድርሻ ለሌላ ያስተላልፋል። ፕሮግራመሩ የሚጽፈው «እንዴት ይታረም» እና «እንዴት ይደመር» የሚሉትን ሁለት ክፍሎች ብቻ ነው።

በጽሑፋቸው አንድ ቴራባይት የሚያህል መረጃ በ891 ሰከንድ በቅደም ተከተል አስቀምጠዋል። ቀጥሎ ሥራው እየሄደ ሳለ ከ1,746 ሠራተኛ ፕሮሰሶች 200ውን ሆን ብለው ገደሉ። ሥራው በ933 ሰከንድ አለቀ። እኔ ከጽሑፉ ሁሉ የምወደው ይህን ሙከራ ነው።

ወደ ኪራይ

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጠነ። የማፕሪዱስን ሐሳብ ተከትሎ የተሠራው ሃዱፕ በ2006 ለማንም ክፍት ሆነ፤ በዚያው ዓመት አማዞን ሰርቨር በሰዓት ማከራየት ጀመረ። ዲን ከባልደረቦቹ ጋር የሠራቸው ቢግቴብልና ስፓነር የተባሉት ዳታቤዞችም በመጀመሪያ የጉግል የውስጥ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ዛሬ ማንም ይከራያቸዋል።

የቤት ሥራ

አንድ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ወስዳችሁ የእያንዳንዱን ቃል ብዛት የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ። ከዚያ ጽሑፉን አሥር ቦታ ከፍላችሁ በአሥር ፕሮሰስ አስቆጥሩና ደምሩ። በመጨረሻም አንዱን ፕሮሰስ በመሀል ግደሉት፤ ድምሩ ሳይዛባ እንዲወጣ ኮዳችሁ ውስጥ ምን መጨመር እንዳለበት ጽፋችሁ አምጡ።