የንግድ ወረቀት ሲያስወግዱ ማስረጃ ይያዙ፤ ብሎክቼይን በምን ይረዳል?

በሱቅ ወይም በታክሲ ሥራ ጥቂት ዓመታት የቆየ ሰው ከጓዳው ጥግ የተከመረ የወረቀት ካርቶን አያጣም። የዕቃ ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫ፣ የሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት፣ የሾፌሮች መንጃ ፈቃድ ግልባጭ ተደራርቦ ይገኛል። ቦታ ሲጠብ ወይም ሱቁ ሲሸጥ ሁሉም ተጠራርጎ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። ይህ ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው፣ ለታክስ ወይም ለኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚፈለግ ወረቀት አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ የሌላ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በሌባ እጅ ይገባል። ያን ጊዜ «እኔ በሚገባ አስወግጃለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በዛሬው ዓምዳችን በአሜሪካ ለሚሠሩ ባለ ሱቆችና ባለ ታክሲዎች ማስረጃው እንዴት እንደሚያዝ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

አንደኛ፦ ምን ይቀመጥ? ምን ይወገድ?

የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ.) እና የኢሚግሬሽን ደንቦች የሚጠይቁት የጊዜ ገደብ ባጭሩ የሚከተለው ነው።

• ገቢና ወጪ የሚያሳዩ ደረሰኞች፦ ብዙውን ጊዜ ታክስ ሪተርኑ ከቀረበ በኋላ 3 ዓመት። ሳይገለጽ የቀረው ገቢ በሪተርኑ ከተገለጸው ገቢ ከ25 በመቶ የሚበልጥ ከሆነ ግን 6 ዓመት።
• የሠራተኛ ደመወዝ ታክስ ሪከርድ፦ ታክሱ መከፈል ከነበረበት ወይም ከተከፈለበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ ቢያንስ 4 ዓመት።
• ፎርም አይ-9፦ ሠራተኛው ከተቀጠረ 3 ዓመት ወይም ሥራ ከለቀቀ 1 ዓመት፤ ከሁለቱ የዘገየው ይያዛል።
• የታክሲ መኪና ወይም የሱቅ መሣሪያ መግዣ ወረቀት፦ ንብረቱ ከተሸጠ በኋላ የዚያ ዓመት የታክስ ጊዜ ገደብ እስኪያልፍ።
• ሪተርን ያላስገባ ወይም የተጭበረበረ ያስገባ ሰው፦ ገደብ የለውም።

ስቴቶች ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሊጠይቁ ስለሚችሉ የሒሳብ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ታክስ ሪተርኑን ራሱን ግን ፈጽሞ አይጣሉ። ዘመድ ለማስመጣት በፎርም አይ-864 ስፖንሰር የሚሆን ሰው የቅርብ ዓመቱን የፌዴራል ሪተርን ማቅረብ አለበት፤ የ3 ዓመቱን ቢያያይዝም ይጠቅመዋል። ለዜግነት የሚያመለክትም ሰው ስለ ታክሱ ይጠየቃል።

ኦዲት፣ ምርመራ ወይም ክስ ከተጀመረ ወይም እንደሚጀመር ካወቁ ደግሞ የጊዜ ገደቡ ያለፈበትንም ወረቀት አይንኩ። በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት የፌዴራል ምርመራን ለማሰናከል ብሎ ሰነድ ያጠፋ ሰው እስከ 20 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሕጉ ስለ አወጋገድ ምን ይላል?

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው የአወጋገድ ደንብ ከሰኔ 1 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሠራተኛ ወይም ሾፌር ለመቅጠር፣ ቤት ለማከራየት ወይም ብድር ለመስጠት ከሪፖርት አቅራቢ ድርጅት የሰው ታሪክ ያስመጣ ነጋዴ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በደንቡ ይታሰራል። ደንቡ የሚለው ወረቀቱ ተመልሶ እንዳይነበብ ማቃጠል፣ መፍጨት ወይም መቆራረጥ፣ የኮምፒውተሩንም መረጃ ማጥፋት ነው። ሥራውን ለሌላ ድርጅት ከሰጡም ስለ ድርጅቱ አስቀድመው ማጣራት ይጠበቅብዎታል።

ኮፒ ማሽንንም አይርሱ። አብዛኛው የቢሮ ኮፒ ማሽን የሚያነሣውን ሰነድ የሚያስቀምጥ ሃርድ ድራይቭ አለው። በኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ የጤና መድን ድርጅት የተከራያቸውን ማሽኖች ሃርድ ድራይቩን ሳያጠፋ በመመለሱ በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

ሦስተኛ፦ ብሎክቼይን ምንድነው?

ዕቁብ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የዕቁቡ መዝገብ በጸሐፊው እጅ ብቻ ካለ አንድ ገጽ ተቀድዶ ሌላ ሊተካ ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ አባል የመዝገቡን ግልባጭ ቢይዝ፣ እያንዳንዱም ገጽ ያለፈውን ገጽ ድምር ይዞ ቢጀምር፣ አንዱን ቁጥር የለወጠ ወዲያው ይጋለጣል። ብሎክቼይን ማለት በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ የተያዘ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ሰነድዎ ሳይሆን «የጣት አሻራው» ነው። ኮምፒውተሩ ከፋይሉ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው አንድ ኮድ ያወጣል። በፋይሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ኮዱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ከኮዱም ተነሥቶ ሰነዱን ማንበብ አይቻልም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሐበርና ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1991 ለኮምፒውተር ሰነድ የጊዜ ማኅተም ማድረጊያ ዘዴ አሳትመዋል። ያቋቋሙትም ድርጅት ከ1995 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ኮድ በየሳምንቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ማስታወቂያ ገጽ ያወጣ ነበር። በየቤቱ የገባውን ጋዜጣ ሁሉ ሰብስቦ መለወጥ የሚችል የለምና። በ2009 የጀመረው ቢትኮይን ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኮምፒውተር መረብ አመጣው።

አራተኛ፦ አሠራሩ

1. የሚወገደውን ይመዝግቡ፦ የካርቶን ቁጥር፣ የወረቀቱ ዓይነት፣ ዓመቱ። የሰው ስምና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጻፍ።
2. ወረቀቱ ሲቆራረጥ በዓይንዎ ይመልከቱ። በብዙ ከተሞች በመኪና ላይ በተጫነ ማሽን ከሱቅዎ ደጅ የሚቆርጡ ድርጅቶች አሉ። ቤት ውስጥ ከቆረጡ በቁመት ብቻ ሳይሆን በአግድምም የሚቆርጥ ማሽን ይምረጡ።
3. ከድርጅቱ የማጥፋት ሰርተፊኬት ይቀበሉ። ቀን፣ ቦታ፣ ዘዴ፣ የሃርድ ድራይቭ ሴሪያል ቁጥርና ፊርማ ይኑርበት።
4. ዝርዝሩንና ሰርተፊኬቱን በስካነር አንሥተው በአንድ ፋይል ያስቀምጡ።
5. ኦፕን ታይምስታምፕስ በሚባለው ነጻ አገልግሎት ፋይሉን ያሳትሙ። ኮዱ የሚወጣው እዚያው በኮምፒውተርዎ ላይ ስለሆነ ሰነዱ ወደ ውጭ አይሄድም። የኮዱ ማረጋገጫ በቢትኮይን መዝገብ እስኪገባ ጥቂት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ለእርስዎም አነስተኛ የማረጋገጫ ፋይል ይሰጥዎታል።
6. ሁለቱንም ፋይሎች በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ወረቀቱ እንደገና በስካነር ቢነሣ አሻራው ስለሚለወጥ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ፋይል ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ ማኅተሙ የማያረጋግጠው

ብሎክቼይን የሚመሰክረው ሰርተፊኬቱ በዚያ ቀን እንደነበረና ከዚያ ወዲህ እንዳልተለወጠ ብቻ ነው። ወረቀቱ በእርግጥ መቆረጡን አላየም። ሐሰት የተጻፈበት ሰርተፊኬት ቢታተም ሐሰትነቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ዋናው የዓይን ምስክርና ታማኝ ድርጅት ነው።

የደንበኛን ወይም የሠራተኛን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለብቻው ወደ ኮድ ለውጠው መዝገቡ ላይ አያስገቡ። ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን አማራጭ ስለማይበልጥ ኮምፒውተር ሁሉንም ሞክሮ በቀላሉ ያገኘዋል። መዝገቡ ላይ የገባ ነገር ደግሞ አይፋቅም።

የአወጋገድ ደንቡ ብሎክቼይንን አያስገድድም። የቬርሞንት ስቴት በ2016 ባወጣው ሕግ፣ የሚያውቀው ሰው በመሐላ በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ የብሎክቼይን ሪከርድ በፍርድ ቤት እንደ ትክክለኛ እንዲታይ ፈቅዷል። ሌላው ስቴት የራሱ ሕግ ስላለው በዚህ ላይ ጠበቃ ማማከር ይገባል። «ብሎክቼይን ከሌለህ ትቀጣለህ» እያለ በየወሩ ክፍያ የሚጠይቅ ሻጭ ከመጣ ግን በትሕትና ያሰናብቱት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ሾፌርዎ «መረጃዬ ከእርስዎ ዘንድ ወጣ» ብሎ ቢከስዎ ወይም መርማሪ ቢጠይቅዎ፣ ቀኑ የታወቀና ያልተነካካ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ዕረፍት ነው። በዚህ ሳምንት ከካርቶኖቹ አንዱን ብቻ አውርደው ዝርዝሩን ይጀምሩ።